ነጭ ጤዛ

ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠዋት የወጣ፦ የጎመን ዘር አምስት ፓኬት፣ የካሮት ሁለት፣ ነጩ ኬሚካል ሦስት፣ የርጭት ፓምፕ ጎማ አንድ። ከቢጫው ኬሚካል ምንም። ዝናቡ ስላላባራ ሾላ ገበያ ጭር ብሏል፤ የታክሲ ረዳቶቹ እንኳ አይጮሁም። ፊት ለፊቴ ቅመም ትሸጥ የነበረችው ሥርጉት ሱቋን አስረክባ ልጇ ጋር ከሄደች ወዲህ «እንዴት አደርክ» የሚለኝ የለም።

ለሲፋን ደብዳቤ ጻፍኩ። ቅጂውን እዚህ አስቀራለሁ፤ ነጋዴ የላከውን ሳይመዘግብ አይልክም። የእሷም ሲመጣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

ልጄ ሮቤ አጠገብ ባለ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የሰብል በሽታ ትመረምራለች። በአውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን ነው። በስልክ መነጋገር ትተናል። አልተጣላንም። ባለቤቴ ዲንቄ ባረፈች ዕለት ደውዬ «እናትሽ ትንሽ አሟታል፣ ነይ» አልኳት። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ደውዬ «ደህና ነኝ» ስላት ዝም ትላለች፤ እኔም ዝም እላለሁ፤ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ባለፈው ሳምንት በሮቤው አውቶቡስ ሹፌር በሚልኬሳ እጅ ወረቀት ላከች። በወረቀት መለስኩ።

*

ለልጄ ለሲፋን፣

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁሉም ደህና ነው።

የሰማሽው እውነት ነው፤ የእናትሽን ባቄላ በሙሉ ለሂርጳ ሰጥቼዋለሁ። ዘሩን ከምታኖርበት ቅል ውስጥ አንዲት ፍሬ አላስቀረሁም። እዚህ መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባቄላ አይዘራም፤ ይቀመጥ ቢባልም ነቀዝ ይጨርሰዋል። እናትሽ መሬታችን ለኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲወሰድ ከመጨረሻው አዝመራ ያተረፈችው ዘር ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሰው ጓሮ እየለመነች፣ እየዘራች ነው እዚህ ያደረሰችው። ያን ትንንሽ፣ ጠቆር ያለ ባቄላ ሌላ ገበያ አይቼው አላውቅም፤ ሾላ ደግሞ የማይመጣ እህል የለም። ሂርጳ የልጅነት ጎረቤቴ ነው፤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር፣ ባሕር ዛፉ መካከል ማሳ አለው። ከእሱ የተሻለ ሰው አላገኘሁም።

ሌላ የጠየቅሽኝም እውነት ነው። በሽታ ገብቶበታል። ቅጠሉ ላይ ተልባ የተበተነበት ይመስላል፤ ቡናማ ነጥብ ነው፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ሂርጳ ነጩን ኬሚካል ሦስት ጊዜ ረጭቷል። ከእኔ ሱቅ የወሰደው ነው፤ ጊዜው ያላለፈ፣ ማሸጊያው ያልተነካ። አላቆመውም። ዘንድሮ ይህ ማሳ ካለቀ ዘሩ አለቀ ማለት ነው።

የታመሙትን ቅጠሎች እርጥበት እንዳይነካቸው በፌስታል ሁለት ጊዜ ጠቅልዬ ልኬያለሁ። ሚልኬሳ ጫት መስሎት አሸተተው። «የባቄላ ቅጠል ወደ ባሌ? እዚያ ጠፍቶ ነው?» አለኝ። የታመመ ነው አልኩት። «ታዲያ ለሕክምና የሚሄድ ከሆነ ትኬት ይቁረጥ» አለ።

ምግብ የምትበዪው ከሰው ጋር ነው ወይስ ብቻሽን?

አባትሽ ዱሬሳ

*

ሮቤ፣ ነሐሴ 7

አባዬ፣

እንደምን ነህ? «ሁሉም ደህና ነው» የሚለውን አነበብኩ፤ ከሥሩ ያለውንም አነበብኩ።

ስላስቸገርኩህ ይቅርታ፤ ግን ፌስታሉን ስከፍተው ቅጠሉ ሾርባ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ሸተተ። ሻጋታው በሌላ ሻጋታ ተውጧል፤ ምንም ላወጣበት አልቻልኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልነገርኩህም። ሁለተኛ በፌስታል አትላክ። በጋዜጣ መካከል አድርገህ አንድ ቀን አድርቀው፤ ከዚያ በወረቀት ፖስታ።

ቅጠሉን ምን እንደማደርገው እንድታውቅ፤ በሽታው ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ሻጋታ ነው። ከቅጠሉ ለይቼ አሳድገዋለሁ። ከዚያ ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህኖች ላይ እንደ ጄሊ የሚረጋ ምግብ አፈስሳለሁ። በአንዱ ሳህን ኬሚካል የለም። በሌላው ጥቂት አለ፣ በሚቀጥለው ጨመር ያለ፣ እያለ ይሄዳል። በየሳህኑ መሃል ከሻጋታው የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ አስቀምጣለሁ፤ በየቀኑ ምን ያህል እንደሰፋ በማስመሪያ እለካለሁ። ኬሚካሉን የሚፈራ ካለበት አይነቃነቅም። የማይፈራ ሳህኑን ይሞላል። ሌላ ጥበብ የለውም።

አንድ ነገር ግን ያስፈልገኛል፤ ያለ እሱ የሂርጳ ቅጠል ብቻውን ምንም አይነግረኝም። በዚያው አካባቢ ኬሚካል ነክቶት የማያውቅ የባቄላ ማሳ ፈልግልኝ። በሽታው ኬሚካሉን ሳይለምደው በፊት ምን ያህል ይፈራው እንደነበር የማየው ከዚያ ነው። በፍጹም ያልተረጨ ይሁን።

የመጨረሻውን ጥያቄህን ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

ሲፋን

*

ነሐሴ 10

ልጄ ሲፋን፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ያልሽውን ዓይነት ማሳ አገኘሁ፤ ሩቅም አልሄድኩም።

እማሆይ የማርያምወርቅን ታስታውሻቸዋለሽ? ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብላ ባለችው ጎጆ የሚኖሩት መነኩሲት ናቸው። ከሂርጳ ማሳ አንድ አጥር ነው የሚለያቸው። ከጎጆአቸው ፊት ባቄላ አላቸው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የሚመገቡት እሱን ነው። አንድ ጊዜ ነጩን በነጻ ልስጥዎት ብላቸው «ልጄ፣ እኔ ከዓለም የሸሸሁት ከዚህ ሁሉ ነው» ብለውኛል። አሁን ፍልሰታ ስለሆነ ሱባኤ ይዘዋል፤ ከሰው አይነጋገሩም። ስለዚህ ሂርጳን ጠየቅኩት። «እማሆይ መድኃኒት አያስነኩም፤ ይሄንን የማያውቅ የለም» አለኝ። ቅጠሉን የቆረጠልኝ እሱ ነው። ሲቆርጥ ዝም ብሎ ነበር፤ ነገሩን ለጾሙ ሰጠሁት።

ሁለት ፖስታ ነው። «ሂ» የተጻፈበት የሂርጳ፣ «እ» የተጻፈበት የእማሆይ። ሱቅ ውስጥ ጋዜጣ ዘርግቼ ሳደርቅ አንዲት ደንበኛ «ጤና አዳም ነው? ስጠኝ» አለችኝ። የታመመ ባቄላ ነው ብላት አላመነችም፤ የደበቅኳት መስሏት ሄደች።

ያልመለስሽውን ጥያቄ አልረሳሁትም። አላስቸኩልሽም።

አባትሽ

*

ሮቤ፣ ነሐሴ 24

አባዬ፣

እንኳን ለፍልሰታ አደረሰህ። ዘግይቼ ነው፤ ይቅርታ። የዘገየሁት ውጤቱን ሁለት ጊዜ ስለሠራሁት ነው።

ፖስታዎቹ በደንብ ደርሰዋል። የሂርጳ ሻጋታ ነጩን ኬሚካል አይፈራም። ማሳ ላይ ከሚረጨው መጠን በላይ አድርጌም ሳህኑን ሞላው። ይህን ጠርጥሬ ነበር። የገረመኝ የእማሆይ ነው። እሱም ሞላው። እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ሰርክ የምትባለው ኃላፊዬ «ፖስታውን አቀያይረሽዋል፤ ወይም አንዱን ሁለት ጊዜ ዘርተሽዋል» አለችኝ። እንደገና ሠራሁት። ያው ነው። ሳቅ አለችና «እንግዲህ መነኩሲቷ ትረጫለች» አለች። አልሳቅኩም። ማነጻጸሪያ ከሌለኝ በሽታው ኬሚካሉን ለምዷል ብዬ መጻፍ አልችልም፤ ካልጻፍኩ ደግሞ ሂርጳ ምን ይርጭ እንደምልህ አላውቅም። ባቄላው አሁን አበባ ላይ ደርሶ ይሆናል። ጊዜ የለንም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቀየመኝ። ያልተረጨ ነው ያልከኝ ዓይተህ ነው ወይስ እንዳልጨነቅ ነው?

ሲፋን

*

ነሐሴ 27

ልጄ ሲፋን፣

ጤና ይስጥልኝ። ፖስታ አላቀያየርሽም፤ ለኃላፊሽ ይህን ንገሪያት። ዓይቼ አይደለም፤ ሰምቼ ነው። አሁን የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሱቁን ዘግቼ በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ሁለት ቀን ዝናብ አልጣለም ነበር። ከእማሆይ ማሳ ዳር ጎንበስ ብዬ የታችኛውን ቅጠል ገለበጥኩ። ነጭ ነገር ደርቆበታል። ያንን ነጭ አውቀዋለሁ፤ መደርደሪያዬ ላይ ነው የሚውለው።

ለማንም ምንም አላልኩም። ነጋዴ የጠረጠረውን ሰው «ወሰድክ ወይ» ብሎ አይጠይቅም፤ ሌላ ነገር ነው የሚጠይቀው። ሂርጳን አጥር ሲጠግን አገኘሁት። ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሰማዩ አወራን። ከዚያ ረጭተህ ስትጨርስ ፓምፑን የት ነው የምታጥበው አልኩት።

ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። «ፓምፑ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ውሃ ከሩቅ ነው የምታመጣው፤ የታጠበበትን የት እንደምትደፋው ነው።»

«እዚሁ።»

«እዚሁ የት?»

«አንተ ዱሬሳ፣ ንግዱን ትተህ ፖሊስ ሆንክ እንዴ?» አለ። ሳቅኩና ሚስማር አቀበልኩት። ራሱ ጀመረ።

ሦስት ዓመት ሆኖታል። ያኔ የእማሆይ ባቄላ ጠቁሮ አለቀ፤ ጾሙን በጎመን ውሃ ብቻ እንደገፉት ሰማ። አጠገባቸው እየኖረ አላስችል አለው። ቢነግራቸው እምቢ እንደሚሉ ያውቃል። ስለዚህ የራሱን ማሳ በረጨ ቁጥር፣ እሳቸው ጠዋት ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ፣ በፓምፑ ሥር በቀረው ላይ ውሃ ሞልቶበት በአጥሩ ዘልቆ ይረጭላቸዋል። ጠዋት ያልደረሰ እንደሆነ በማግስቱ። ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለሚስቱም። ቅጠሉን ሲቆርጥልኝ ዝም ያለው ለዚህ ነው።

«ለመነኩሲት ነው ብዬ በጣም አቀጥነዋለሁ» አለኝ። «እንዳይጎዳቸው።»

አንቺ ሳህን ላይ የምታደርጊውን ነገርኩት። በቀጭኑ ኬሚካል ደካማው ሻጋታ ይሞታል፤ ጠንካራው ይተርፋል፤ የተረፈው ይራባል። በሚቀጥለው ዓመት እሱ ነው በነፋስ አጥሩን ዘልሎ ወደ ማሳህ የሚመጣው አልኩት። መዶሻውን አስቀመጠ።

«እንግዲህ የዲንቄን ባቄላ የገደልኩት በጽድቄ ነው በለኛ» አለ።

የወደቀ ሚስማር አነሳሁለት። «ለእማሆይ ግን እንዳትነግራቸው፤ እለምንሃለሁ» አለኝ።

አንቺ ማነጻጸሪያ ስለምትፈልጊ ወደ እሳቸው መሄድ ነበረብኝ። ከጎጆአቸው ደጃፍ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ምዕራፉን እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ኬሚካል ነክቶት የማያውቅ ባቄላ እንደምፈልግ ብቻ ነው የተናገርኩት፤ የሂርጳን ስም አላነሳሁም። እሳቸው አነሱት።

«እኔ የማላውቅ መስሎት ነው?» አሉ። «የነሐሴ ጤዛ ነጭ ሆኖ አይቼ አላውቅም።»

ታዲያ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው።

«ምን ልበለው? ለነፍሱ ብሎ ነው የሚመጣው። ብናገረው ያፍራል። እኔ የምበላው ከቤቴ ጀርባ ካለው ነው፤ እዚያ ፓምፑን ይዞ አይደርስም። የፊቱን ለእሱ ጽድቅ ተውኩለት።»

ከጎጆአቸው ጀርባ አንዲት የባቄላ ረድፍ አለች፤ ከኋላዋ ገደል ነው። ቅጠሉን ራሴ ቆርጫለሁ፤ ፖስታው ላይ «ጓሮ» ብዬበታለሁ። ይህን ዓይቼ ነው የምልክልሽ።

ስወጣ እማሆይ «ለሂርጳ እንዳትነግረው» አሉኝ። የሁለት ሰው ምስጢር ተሸክሜ ወረድኩ፤ ምስጢሩ ግን አንድ ነው።

አባትሽ

*

ሮቤ፣ መስከረም 12 ቀን 2018

አባዬ፣

እንኳን አደረሰህ። አዲስ ዓመትን እንዴት ዋልክ? እኔ ጣቢያው ውስጥ ነበርኩ፤ ሳህኖቹን የሚለካልኝ ሰው አልነበረም።

የጓሮዋ ፖስታ ሁሉንም ፈታችው። ከስድስት ቅጠል ስድስት ሻጋታ ለየሁ። አራቱ በትንሿ መጠን ባሉበት ቀሩ፤ ቁራጯ እንደተቀመጠች ናት። ሁለቱ ሳህኑን ሞሉት። እነሱ የሂርጳ ናቸው፤ በነፋስ ጎጆዋን ዞረው የሄዱ። ሰርክ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ዓይታ «መነኩሲቷን ይቅርታ ጠይቂልኝ» አለች።

አሁን በእርግጠኝነት ልነግርህ እችላለሁ። እንጦጦ ላይ ለዚህ በሽታ ነጩ አይሠራም። የሚሸጠው ሁሉ በከንቱ ነው፤ የለመደውንም የባሰ ያጠነክራል። ቢጫው በሁሉም ላይ ሠርቷል። ግን ቢጫው የታመመውን ቅጠል አያድንም፤ ጤነኛውን ይሸፍናል እንጂ። ስለዚህ ሂርጳ ገና ካልተነካው ጥግ ይጀምር፤ በልኩ ይበጥብጥ፤ አያቅጥን። የተረፈውን የትም አይድፋ። ሥራዬ በዚህ ያበቃል፤ የቀረው የዝናቡ ነው።

ሌላ ነገር ልጻፍ። ደብዳቤህን ስጨርስ ሳቅኩ፤ ከዚያ መሳቁን ተውኩት። ሂርጳ ከእማሆይ ደበቀ፤ እማሆይ ከሂርጳ ደበቁ፤ ሁለቱም የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው። በመሃል ባቄላው እያለቀ ነው። ሁለቱንም ንገራቸው።

እኔ «እናትሽ ትንሽ አሟታል» ያልከኝ ቀን ብርቱካን ገዝቼ ነው የተሳፈርኩት። ለታማሚ ነው ብዬ ጥሩ ጥሩውን መርጬ። ሙሉ ቀን ጭኔ ላይ ይዤው ከታክሲ ስወርድ ድንኳኑን አየሁ። እንድታዝን ብዬ አልጽፍልህም። ግን ስትደውል «ደህና ነኝ» ስትለኝ ያን ብርቱካን ነው የማስበው። ማሳው የሚሆነውን በሆነበት ዕለት ጻፍልኝ። ቢሞትም።

ሲፋን

*

መስከረም 29

ልጄ ሲፋን፣

ማሳው ሞቷል።

ዛሬ ጠዋት አየሁት፤ ዛሬ ጻፍኩት። ከታች በኩል ያለው ሁሉ ጠቁሯል፤ አበባው ረግፏል፤ እንቡጥ የያዘው ጥቂቱ በግንዱ ላይ ደርቋል። ካለፈው ዝናብ በኋላ አራት ቀን አልፈጀም። ሂርጳ ማሳው መሃል ቆሞ ነበር፤ ስደርስ ዞር አላለም።

የቆመው አንድ ጥግ ነው። ከላይ በኩል፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ወጣ ብሎ ነፋስ የሚያገኘው። ደብዳቤሽ የመጣ ዕለት ቢጫውን ይዤ ወጥቼ መጀመሪያ የረጨነው እሱን ነው። እዚያ ላይ ነጥቡ አለ፤ ግን አልሰፋም። ስፋቱ ከሱቄ አይበልጥም። ፍሬ ይይዛል ወይስ አይይዝም ገና አይታወቅም። ይይዛል ብዬ አልጽፍልሽም።

ሁለቱንም ነገርኳቸው። ሂርጳ እንዳፈረ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳይሄድ ቀረ። በሁለተኛው እማሆይ ራሳቸው አጥሩ ዘንድ መጥተው «ዝም ብለህ በስርቆሽ ከምትጸድቅ ና ጓሮዬን ቆፍርልኝ» አሉት። በማግስቱ ሲቆፍርላቸው ዋለ።

ነጩን ከመደርደሪያ አውርጄዋለሁ። ከእንጦጦ የመጣ ሰው ሲጠይቀኝ አይሠራም እላለሁ። አንዳንዱ ያምናል፤ አንዳንዱ ቀጣዩ ሱቅ ሄዶ ይገዛል። ትናንት አንዱ «ለምን አትሸጥልኝም፤ ከማን አሳነስከኝ?» ብሎ ተጣላኝ። ሳህን ላይ ስለሚያድግ ሻጋታ ልነግረው ሞከርኩ። ሳልጨርስ ሄደ።

አባትሽ ዱሬሳ

*

ሮቤ፣ ጥቅምት 8

አባዬ፣

«ማሳው ሞቷል» ብለህ ጀመርክ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምክም። ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። አመሰግንሃለሁ።

ለጠየቅከኝ መልስ፤ ብቻዬን ነው የምበላው። መጀመሪያ ላይ ከሁለት ሴቶች ጋር ነበርኩ፤ አንዷ አገባች፤ አንዷ ተዛወረች። ክፍሉ ሰፊ ነው። ጉም ሲወርድ መስኮቱ ነጭ ይሆንና ከደጅ ያለው ሁሉ ይጠፋል። አንዳንዴ ምሳዬን ላቦራቶሪ ወስጄ ሳህኖቹ አጠገብ እበላለሁ። ክልክል ነው፤ ለሰርክ እንዳትጽፍ። ቢያንስ እነሱ ከትናንት ዛሬ ይሰፋሉ።

ጥግዋን ጠብቃት።

ሲፋን

*

ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጠዋት የወጣ፦ የቀይ ሽንኩርት ዘር ስምንት፣ የድንች መትከያ መቆፈሪያ አንድ፣ ቢጫው ሁለት። ሱቁን ከምሳ በፊት ዘጋሁ።

ከጥግዋ ያጨድነውን ትናንት ወቃነው። በሰኔ ከዘራነው ያንሳል። የቅሉን ግማሽ አይሞላም። ሂርጳ አፈሩን እየነፋ አንድ በአንድ ለቀመው፤ የተሸበሸበውን ለየ፤ ጠቆር ያለው ፍሬ የእጁ መስመር ውስጥ ሲገባ አይለይም። «ያንሳል» አለኝ። «ግን እሱ ነው» አልኩት።

ለሦስት ከፈልኩት። ዕቃ በአንድ መጋዘን አይቀመጥም፤ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አልነበረም፤ የዲንቄ ስለሆነ ነው እንደ ዕቃ ያላየሁት። አንዱ ለሂርጳ። አንዱ ለእማሆይ ጓሮ፤ ሲቀበሉ «ነጭ ጤዛ የሌለበት» ብለው ሂርጳን አዩት፤ ሳቀ። ሦስተኛው ወረቀት ፖስታ ውስጥ ነው፤ በእስክሪብቶ «ሮቤ» ብዬበታለሁ።

ትናንት የመጣውን የሲፋንን ደብዳቤ አልለጠፍኩትም። ኪሴ ውስጥ ነው። መልሱን ግን እንደ ልማዴ እዚህ እገለብጣለሁ።

*

ልጄ ሲፋን፣

አዎ፤ እመጣለሁ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ስለ ራሴ እውነቱን ንገረኝ ስላልሽ ልጨምር። ደህና ነኝ አልልሽም። አራተኛ ፎቅ ስወጣ ጉልበቴ ሁለተኛው ላይ ያስቆመኛል። እራቴን ማድ ቤት ቆሜ ነው የምበላው፤ የእናትሽ ወንበር ፊት ለፊት ስለሚሆን ጠረጴዛው ላይ አልቀመጥም። ሥርጉት ከሄደች ወዲህ ጠዋት መጀመሪያ የማወራው ከደንበኛ ጋር ነው፤ እሱም ስለ ጎመን ነው። ይህ ነው ያለሁበት። በሽታ የለብኝም፤ ይህንንም እውነቱን ነው የምልሽ።

ብርቱካኑን አስታውሰዋለሁ። ከለቅሶ በኋላ ማድ ቤት አገኘሁት። ማንም አልነካውም ነበር።

ዘሩ ተገኝቷል፤ ጥቂት ነው። ከጥግዋ ያገኘነው ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ያንቺ ነው። ጣቢያው ጓሮ አለው ብለሻል፤ ጉሙ ከእንጦጦ አይብስም፤ ይችላል። ዘሩን ትንሽ ብታበዢልኝ በክረምት ለሂርጳ እንመልስለታለን።

ስመጣ አትደንግጪ፤ ቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። ማንም አልታመመም፤ ማንም አልሞተም። ዝም ብዬ ነው የምመጣው።

አባትሽ ዱሬሳ

*

ደብዳቤውን ለሚልኬሳ ልሰጠው ደወልኩ። «መቼ ነው የምትወጣው?» ስለው «ነገ» አለ። ወንበር አለህ ወይ አልኩት። «ለማን?» አለኝ። ለእኔ አልኩት። «አሁንስ ባለ ቅጠሉ ራሱ ትኬት ሊቆርጥ ነው?» አለ። ደብዳቤውና እኔ በአንድ አውቶቡስ እንደምንሄድ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ከእኔ የሚቀድም ሌላ መኪና የለም።

ነገ፦ ጎህ ሳይቀድ ቃሊቲ መናኸሪያ። የሮቤ ትኬት አንድ። ዘሩ በወረቀት ፖስታ፣ በደረት ኪስ። ደብዳቤውን ራሴ አደርሳለሁ።